የሐሙስ ማኅበር መሥራች የአቶ ተክለጻድቅ ወልደአማኑኤል የሕይወት ታሪክ (1925–1983 ዓ.ም.)

አቶ ተክለጻድቅ ወልደአማኑኤል ኅዳር 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ከአባታቸው ከአቶ ወልደአማኑኤል ሀብተሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሰንበት ደምሴ ተወለዱ። አባታቸው ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። በቅሎው እየቀነሰ መኪናው እየበዛ ሲመጣ ጎረቤቶቻቸው ወደ ጫማና ወደ ቦርሳ ሥራ ዞሩ፤ እሳቸው ግን ኮርቻቸውን አልተዉም። ልጃቸው ይህን ግትርነት ወርሰዋል። ከዘመድ ወገን «ግትርነት ለቀብር አይሆንም፣ ጽናት ተብሎ ይጻፍ» ያሉ አሉ። ጽናት ሌላ ነገር ነው። አቶ ተክለጻድቅ ግትር ነበሩ፤ ዛሬ ስለ እሳቸው የሚነገር ነገር የተገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1942 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ እናታቸውንና ታናሽ እህታቸውን የሻረግን የመርዳት ኃላፊነት ስለወደቀባቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በአንድ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጠሩ። ፊደል ለቃሚ ማለት የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ ከሳጥን እያነሳ፣ በተገለበጠ መስመር እየደረደረ ገጽ የሚሠራ ሰው ነው። ሥራው ዓይን ያደክማል፣ ወገብ ያጎብጣል። ሌሎቹ ሳያነቡ ይለቅማሉ። እሳቸው የሚለቅሙትን እያነበቡ ስለነበር ይዘገዩ ነበር፤ በዚህም ብዙ ጊዜ ተገሥጸዋል።

በ1951 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ አዲስ የጀርመን ማሽን ሊያስመጣ ሲል ሙያውን ተምረው እንዲመለሱ በደቡብ ጀርመን ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ተላኩ። አራት ዓመት ቆዩ። ማሽኑን በመጀመሪያው ዓመት ተማሩ፤ የቀረውን ጊዜ የያዘባቸው ግን ያረፉበት ቤት ነው።

የቤቱ ባለቤት ፍራው ብሬነር፣ ወይዘሮ ብሬነር እንደ ማለት ነው፣ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ምሳ በሚበላበት ጠረጴዛ ዙሪያ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ይሰበሰባል። ማኅበሩ ሲመሠረት የፍራው ብሬነር አያት እንኳ ሕፃን ነበሩ ይባላል። የመድኃኒት ቀማሚ፣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ፣ መምህራን፣ አንድ ጡረታ የወጡ ቄስ፣ ሁሉም የጻፉትን ወይም ከሌላ ቋንቋ የመለሱትን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። ጽሑፉን ያቀረበው ሰው፣ ሌሎቹ ስለ ጽሑፉ ሲነጋገሩ አይናገርም። ቢያመሰግኑትም ዝም ነው፣ ቢያንቋሽሹትም ዝም ነው፣ ያልጻፈውን ጽፈሃል ቢሉትም ዝም ነው። እንዲናገር መፍቀድ የሚችለው የዕለቱ ዳኛ ብቻ ነው። ጽሑፉ ነገ መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ጸሐፊው ከእያንዳንዱ አንባቢ አጠገብ ቆሞ ሊያስረዳለት አይችልምና፣ ጽሑፉ ከአሁኑ ብቻውን መቆም ይልመድ ነው ነገሩ።

አቶ ተክለጻድቅ መጀመሪያ ቋንቋውን ለማሻሻል ብለው ጥግ ይዘው ይቀመጡ ነበር። በኋላ አባል አደረጓቸው። ከዚያ ማኅበር ያመጡት ግን ይህን ሕግ ብቻ አይደለም፤ ፍራው ብሬነር የነገሯቸውን አንድ ታሪክም ነው። በናዚዎች ዘመን ማኅበሩ አይሁዳውያን አባላቱን እንዲያስወጣ ታዘዘ። ሁለት ነበሩ፣ አንድ ሐኪምና ባለቤታቸው። አባላቱ ተሰበሰቡ፣ አዘኑ፣ ተነጋገሩ፣ ከዚያም ሌላውን ለማትረፍ በሚል ሁለቱን አስወጡ። እጃቸውን ካነሱት አንዷ ፍራው ብሬነር ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሐሙስ ሐሙስ መሰብሰባቸውን ቀጠሉ፤ ሻይ ተጠጣ፣ ግጥም ተነበበ። «ማኅበሩ ግን ያን ቀን ሞቶ ነበር፤ እኛ የሞተ ነገር ዙሪያ ነው የተቀመጥነው» አሏቸው። አቶ ተክለጻድቅ ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተናገሩበት ወር የለም።

በ1955 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው በማተሚያ ቤቱ የፊደል ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በ1956 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወርቅዬ ታደሰ ጋር በተክሊል ተጋብተው አብነት በሚገኘው ቤታቸው ኑሯቸውን መሠረቱ። ፀዳለንና በድሉን ወለዱ።

በ1957 ዓ.ም. ጀርመንኛ ከሚያውቁ ጓደኞቻቸው ጋር የሐሙስ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያው ባልንጀራቸው አቶ ፍሰሐ ገብረየሱስ ነበሩ፤ በጀርመን አገር የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምረው የመጡ፣ አቶ ተክለጻድቅ እንደ ወንድም የሚያዩዋቸው ሰው። በአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት ወይዘሪት ነፊሳ አብዱልቃድርም ከመሥራቾቹ አንዷ ናቸው። መምህር ዋቅሹማ ቀጥለው ገቡ። ሌሎችም መጡ። ሥራቸው ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። የተመለሰው ጽሑፍ ይነበባል፣ ተርጓሚው ዝም ይላል፣ ሌላው ይፈታዋል።

ወይዘሮ ወርቅዬ ጀርመንኛ አይችሉም፤ አማርኛውን ግን በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን አቶ ፍሰሐ የተረጎሙት ሲነበብ ቆይቶ «ጋሼ ፍሰሐ፣ ይኼ ሰውዬ ሚስቱን እያናገረ አይደለም እንዴ? ምነው እንደ ነጋሪት ጋዜጣ አደረጉት?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። አቶ ፍሰሐ ሕጉ ስለያዛቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ቁጭ አሉ። የዕለቱ ዳኛ እንዲናገሩ ሲፈቅዱላቸው «ወርቅዬ ልክ ናት» አሉ፤ ገጹም እንደገና ተሠራ። ያ ቤት እንደዚያ ያለ ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ከመስማታችሁ በፊት ይህን ማወቅ አለባችሁ።

ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ነገር ሁሉ ተለወጠ። መሰብሰብ ፈቃድ የሚጠይቅ ሆነ። አንዳንዱ አባል በሥራ ምክንያት፣ አንዳንዱ በሕመም ምክንያት ቀረ፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ታሞ ነበር። ሌሎቹ የቀበሌውን ፈቃድ አግኝተው ቀጠሉ።

የካቲት 9 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ተርጓሚው አቶ ተክለጻድቅ፣ ዳኛው አቶ ፍሰሐ ነበሩ። የተነበበው በአንዲት ተራራማ መንደር ስለሚኖር ደወል ደዋይ የሚተርክ አጭር ታሪክ ነው። በንባቡ መሐል አንድ ካድሬ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር ገባ። እንዲቆም አላዘዘም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሲያልቅ ወደ አቶ ተክለጻድቅ ዞሮ «ይህ ሰውዬ ደወሉን የሚደውለው ማንን ለመጥራት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው መጥፎ አልነበረም። ከአባላቱ አንዱ ቢጠይቀው ኖሮ ሻዩ እስኪበርድ ያከራክር ነበር። ስሕተቱ የመጣውም ከዚሁ ነው። አቶ ተክለጻድቅ ስለ ጽሑፉ ተጠየቁ፤ ጽሑፉ የእሳቸው ነው፤ ስለዚህ አይናገሩም። ሐሙስ ሁሉ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ካድሬው ሕጉን አያውቅም። ደግሞ ጠየቀ። ዝም አሉ። አባላቱ ሁሉ ወደ ዳኛው ወደ አቶ ፍሰሐ አዩ። ከአቶ ፍሰሐ የሚጠበቀው አንድ ቃል፣ «ይናገር» ማለት ብቻ ነበር።

ካድሬውም ዓይናቸውን ተከትሎ ወደ አቶ ፍሰሐ ዞረና የስብሰባው ኃላፊ እሳቸው መሆናቸውን ጠየቃቸው። አቶ ፍሰሐ «እኔ አባል አይደለሁም፣ ለመስማት ነው የመጣሁት» አሉ።

ይህ ሲባል የሰሙ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። በኋላ «እንዲህ አልተባለም፣ ተጋንኖ ነው» የሚሉ ተነሥተዋል፤ ያን ቀን በዚያ ክፍል ያልነበሩ ናቸው።

ካድሬው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። አቶ ተክለጻድቅ አሁንም አልመለሱም። «ዝም ማለት በደንብ አስተምረውሃል ማለት ነው» ብሎ ይዟቸው ወጣ።

ለምን ቢያንስ በሦስተኛው አልተናገሩም ለሚለው፣ ዓመታት አልፈው ለባለቤታቸው የሰጡት መልስ ይህ ነው፦ «መጀመሪያ ሕጉ ነው። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ ፍሰሐን እየጠበቅኩ ነበር። በሦስተኛው ግን ከሰማሁት በኋላ የምናገረው ጠፋኝ።»

ዓመት ከመንፈቅ ታሰሩ። በእስር ቤት ስለ ደወል ደዋዩ ለማስረዳት ቢሞክሩም የሚሰማ አላገኙም፤ «ስትጠየቅ ነበር» ተባሉ። ወይዘሮ ወርቅዬ ልጆቻቸውን የሻረግ ዘንድ እያስቀመጡ ስንቅ አመላለሱ። አንዳንድ ቀን ሳህኑ ሳይከፈት ይመለስ ነበር፤ የዚያን ቀን ከእስር ቤቱ በር እስከ አብነት እንዴት እንደሚመጡ ራሳቸውም አያውቁትም። መምህር ዋቅሹማ በዚያው ዓመት ከቤታቸው እንደወጡ አልተመለሱም። አቶ ተክለጻድቅ በነሐሴ 1971 ዓ.ም. ተፈቱ። ጥፋታቸው ምን እንደነበር አልተነገራቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ ሲፈቱ ደክሟቸው ነበር፣ ያ ድካም ከላያቸው የወረደ አይመስልም።

ከእስር ሲወጡ ማኅበራቸውን ሌላ ቦታ አገኙት። አቶ ፍሰሐ በማኅበሩ ስም ሊቀመንበር ሆነው፣ የተሸለመ አዳራሽ፣ ለስላሳ ወንበርና ብስኩት ያለው የወዳጅነት ክበብ አቋቁመዋል። በክበቡ የሚነበቡት ከሁለቱ ጀርመኖች የአንዷ ብቻ ጸሐፊዎች ናቸው፤ የሌላይቱ ጀርመን ጸሐፊዎች ከመደርደሪያው ወርደዋል። አቶ ተክለጻድቅ ተጠርተው ሄዱ። አዳመጡ። በመጨረሻ እጃቸውን አውጥተው «አገሩ ከመከፈሉ በፊት የሞቱትስ፣ የማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው የሚል መልስ ተሰጣቸው። ሙታንን ለሁለት አገር የማካፈል ጥናት። ይህን ያጠኑ ሰዎች ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ወይዘሪት ነፊሳ «እንግዲህ ማኅበሩ ተከፈለ» አሉ። አቶ ተክለጻድቅ ተቆጡ፤ የሚቆጡ ሰው አልነበሩም። ማኅበሩ እንዳልተከፈለ፣ እነ ፍሰሐ የቀሩ አባላት እንጂ የወጡ አባላት እንዳልሆኑ ነገሯቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእሳቸው ቤት ስለ አቶ ፍሰሐ ሲነሣ የሚፈቀደው አነጋገር ይህ ብቻ ሆነ፦ ፍሰሐ ቀርቷል። ዛሬ ቀርቷል። ባለፈው ሐሙስም ቀርቶ ነበር።

ይህን ብዙዎች የዋህነት ብለውታል። የዋህነት አይደለም። ፍራው ብሬነር እጃቸውን አንሥተው ሰው አስወጥተዋል፤ አቶ ተክለጻድቅ እጃቸውን አላነሱም፤ አባሉ ራሱ አባል አይደለሁም ሲልም እንኳ። ትክክል ነበሩ ወይ የሚለው አከራካሪ ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥም ዛሬ ድረስ ያከራክራል።

ቤታቸው የሚሰበሰቡት ጥቂቶች ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ስማቸው በአዳራሹ ክበብ ተይዟል። እድር ግን አልተከለከለም፤ ሰው መሞቱን ስላላቆመ። ስለዚህ በወይዘሪት ነፊሳ ሐሳብ «የሐሙስ እድር» ተባሉ። እድር ከተባሉ እድር መሆን ግድ ነው፤ ድንኳን ገዙ፣ አግዳሚና ትልልቅ ድስት ገዙ። ጎረቤት «እኛንስ?» ብሎ ሲመጣ ምን ተብሎ ይመለሳል? የአብነት ባለሱቁ፣ በያጁ፣ በጉልት የሚነግዱት ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ሁሉም አባል ሆኑ። ለቅሶ ሲኖር ይቀብራሉ፣ ሳይኖር ያነባሉ። ወይዘሮ ጠጅቱ የመጀመሪያ ቀናቸው ያነበበው ሰው ሲጨርስ፣ በታሪኩ ውስጥ የሞተውን ሰው ብዛት አስበው «ምነው ይህን ሁሉ ሰው ብቻውን ቀበሩት፣ ጀርመን አገር እድር የለም?» አሉ። ተርጓሚው ዝም አለ። እሳቸውም ሕጉን ወደዱት፤ ይህ ሕግ ቤቴም ቢሠራልኝ ባሌ ዝም ይልልኝ ነበር ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለመተረክ ያስቸግራሉ፤ ስለሚመሳሰሉ። አቶ ተክለጻድቅ ከእስር በኋላ ኃላፊነታቸው ስላልተመለሰላቸው፣ እንደገና ለቃሚ ሆነው ቀን ቀን የሰው ንግግር ይለቅማሉ፤ ረጅም ንግግር፣ ጭብጨባው ሳይቀር በቅንፍ የተጻፈ። ወጣት ሳሉ እያነበቡ ስለሚለቅሙ ይዘገዩ የነበሩት ሰው፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በማተሚያ ቤቱ ፈጣኑ ለቃሚ ነበሩ። ማንበቡን ትተዋል። ማታ ወደ ቤት ሲመጡ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ሐሙስ ሲሆን ግን ዓይናቸው ይገለጣል።

በረሃቡ ጊዜ «ሰው እየሞተ የጀርመን ተረት ምን ይሠራል» ብለው የነቀፏቸው ነበሩ። መልስ አልሰጡም፤ ስለዚህ መልሱ እዚህ ይጻፍ። ያን ዓመት የሐሙስ እድር ከመንገድ ዳር የወደቁ ወገን አልባ ሰዎችን አንሥቶ ቀብሯል። ነቃፊዎቹ ግን መጽሐፍ ባለማንበባቸው ማንን እንዳበሉ እስካሁን አልታወቀም።

በ1980 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ1982 ዓ.ም. በበርሊን ግንቡ ፈረሰ፣ መስከረም 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑ። ዜናውን ከወይዘሪት ነፊሳ ጋር በሬዲዮ ሰሙ። ወይዘሪት ነፊሳ አለቀሱ። አቶ ተክለጻድቅ ሬዲዮውን ዘግተው «ፍሰሐ ሰምቶ ይሆን?» አሉ።

የአዳራሹ ክበብ ያኔውኑ ተዘጋ። አዳራሹን የሰጠችው ጀርመን ስለሌለች፣ ብስኩቱም ሊቀመንበርነቱም አብሮ ቀርቷል። በኅዳር ወር አቶ ፍሰሐ ወደ አብነት መጡ። ያን ጊዜ አቶ ተክለጻድቅ በልብ ድካም ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው ነበር። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ወርቅዬ ናቸው። በደጉ ጊዜ «ጋሼ» ይሏቸው የነበሩትን ሰው ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸውና «አቶ ፍሰሐ፣ ለመስማት ነው የመጡት?» አሉ።

ከውስጥ አቶ ተክለጻድቅ ድምፁን ሰምተው «ወርቅዬ፣ አስገቢው። አባል እኮ ነው፤ ቀርቶ ነው እንጂ አልወጣም» አሉ።

«ራሱ አይደለሁም ብሏል።»

«ፈርቶ ነው።»

«እኔስ ስንቅ ስወስድ አልፈራሁም ነበር?»

አቶ ፍሰሐ በሩ ላይ ሆነው ይህን ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ተመልሰው ሄዱ።

አቶ ተክለጻድቅ ግን አልተዉትም። በሕይወታቸው ብዙ ነገር ፈልገው አያውቁም፤ በመጨረሻ የፈለጉት ይህን አንድ ነገር ነው፤ ሳይሞቱ ማኅበሩ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ማየት። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ አባላቱን አልጋቸው ዘንድ ሰብስበው አቶ ፍሰሐ እንዲጠሩ ጠየቁ። አባላቱ ተያዩ። ወይዘሮ ጠጅቱ ናቸው የተናገሩት፦ «ማኅበሩ የእርስዎ ነው፣ ቤቱ ግን የወርቅዬ ነው። እሷን ሳናስፈቅድ ማንን እንጠራለን?» ወይዘሮ ወርቅዬ ጓዳ ነበሩ። ሰምተዋል። አልመጡም።

አቶ ተክለጻድቅ በማግስቱ ዓርብ ጥር 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የፈለጉትን ሳያዩ ሞቱ። «ተመኝተው ያሰቡትን ፈጽመው አረፉ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሐሰት ይሆናል።

አቶ ተክለጻድቅ ባለትዳር፣ የአንድ ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅዬ ታደሰ፣ ልጆቻቸው ወይዘሮ ፀዳለ እና አቶ በድሉ፣ እህታቸው ወይዘሮ የሻረግ ወልደአማኑኤል፣ የሐሙስ እድር አባላትና የአብነት ጎረቤቶቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዛሬ ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 1983 ዓ.ም. በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወርቅዬ ወይዘሪት ነፊሳን ወደ አቶ ፍሰሐ ቤት ላኩ። መልእክታቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ «አባል ከሆነ ይምጣና የባለቤቴን የሕይወት ታሪክ ሕዝብ ፊት ያንብብ። አስቀድሞ አያየውም። አንድ መስመር ቢዘል ይታወቅበታል፤ ወረቀቱ በሰው ሁሉ እጅ ነው።» ወይዘሪት ነፊሳ ሲመለሱ እንደነገሩን፣ አቶ ፍሰሐ እሺም እምቢም አላሉም። ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ።

ስለዚህ ወረቀቱን የያዛችሁ ሁሉ አሁን ቀና በሉና የሚያነበውን ሰው እዩ። አቶ ፍሰሐ ገብረየሱስ ከሆኑ፣ ባለቤቴ ልክ ነበር ማለት ነው ብለዋል ወይዘሮ ወርቅዬ፤ ንባቡን ጨርሰው ሲወርዱ የሚቀመጡበት ቦታ ከቤተሰቡ አግዳሚ ላይ፣ ከእሳቸው በስተቀኝ ተይዞላቸዋል። ሌላ ሰው ከሆነም ያ ቦታ ባዶውን ይቆይ፤ ማንም እንዳይቀመጥበት።

በብዙ ደክመው ለሄዱት ለአቶ ተክለጻድቅ እግዚአብሔር የማያልቅ ዕረፍት ይስጥልን፤ በስም ጠርቶ ማንንም ከማያስቀር ማኅበሩ ይደምርልን። አሜን።